የቦሆ ልብስና የፌር ትሬድ ስጦታ ሱቅ፦ ምኑ ይታያል፣ ምኑ ይገዛል፣ ምኑ ይታለፋል

አሜሪካ ያላችሁ ይሄን ሱቅ ታውቁታላችሁ፣ ዳውንታውን ወይ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ አይጠፋም። ገና ስትገቡ የህንድ ዕጣን ይሸታችኋል፣ ግድግዳው ሙሉ ስካርፍ ነው፣ መሀል ላይ ረጃጅም ቀሚስና ሰፋፊ ሱሪ ተሰቅሏል፣ ካሸሩ ጋ ደሞ ጉትቻ፣ ቀለበት፣ ትናንሽ ቦርሳ፣ ሳሙና ምናምን። ሀበሻ ሲገባ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፣ ወይ ዋጋውን አይቶ "ኧረ በስማም" ብሎ ይወጣል፣ ወይ ቀለሙ አታሎት አንድ ቀሚስ ይገዛና አንዴ ድራየር ውስጥ ከገባ በኋላ ለታናሽ እህቱ ይሰጠዋል። እኔ እንደዚህ ዓይነት ሱቅ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ እሰራ ነበር፣ ካርቶን እከፍታለሁ፣ ታግ አስራለሁ፣ ሪተርንም እቀበላለሁ፣ ስለዚህ ምኑ ተመልሶ እንደሚመጣ ምኑ ሄዶ እንደሚቀር በደንብ አይቻለሁ፣ ለጓደኞቼ ሁሌ የምላቸውም አንድ ነገር ነው፦ ታጉ ላይ ያለውን ታሪክ ከማንበባችሁ በፊት ልብሱን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩት።

ከልብሱ በፊት ግን ስለሱቁ ትንሽ ልበል። ቦሆ የአለባበስ ነገር ነው፣ ሰፋ ያለ፣ ቀለም የበዛበት፣ ከህንድም ከሞሮኮም ከጓቲማላም የተዋሰ። ፌር ትሬድ ደሞ የአከፋፈል ጉዳይ ነው፣ የሰራው ሰው ስንት ተከፈለው፣ መቼ ተከፈለው፣ በምን ሁኔታ ሰራ የሚል። አንድ ቀሚስ ቦሆ ሆኖ ከፌር ትሬድ ጋ ምንም ላይገናኝ ይችላል፣ ባንድ ሱቅ ውስጥም ሁለቱ ተቀላቅለው ይሰቀላሉ፣ በሩ ላይ "ፌር ትሬድ" ተብሎ ተጽፎ ግማሹ ዕቃ ከማንም ሆልሴለር የመጣ የሆነበት ሱቅ አለ። ስለዚህ ሱቁን ሳይሆን ዕቃውን ነው የምትጠይቁት።

ፌር ትሬድ አዲስ ነገር አይደለም። በ1946 (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ኤድና ሩት ባይለር የምትባል የፔንሲልቬንያ ሴትዮ፣ ሜኖናይት የሚባለው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ፖርቶ ሪኮ ሄዳ የሴቶቹን ጥልፍ አየች፣ ገዝታ አመጣችና ከመኪናዋ የኋላ ኮፈን እያወጣች ለጎረቤትና ለቤተ ክርስቲያን ሰው መሸጥ ጀመረች፣ እሱ ነው አድጎ አድጎ ዛሬ ቴን ታውዘንድ ቪሌጅስ የሚባለው የፌር ትሬድ ሱቅ የሆነው። በ1949 ደሞ ሰርቭ የሚባለው ድርጅት በሌላ ቤተ ክርስቲያን ስር ተጀመረ። ለዚህ ነው እነዚህ ሱቆች እስካሁን ግማሽ ልብስ ግማሽ ስጦታ የሆኑት፣ መነሻቸው የእጅ ስራ ነው፣ ፋሽን በኋላ የመጣ ነገር ነው።

ከአሰራሩ ውስጥ ለኔ ትልቁ ነገር ቅድመ ክፍያው ነው። በአለም የፌር ትሬድ ድርጅት፣ ዳብልዩ ኤፍ ቲ ኦ በሚባለው፣ ደንብ የእጅ ስራ ያዘዘ ነጋዴ ሰሪዎቹ ከጠየቁት ቢያንስ ግማሹን አስቀድሞ ይከፍላል። ይሄ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሸማኔ ለማያውቅ ሰው ነው። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሸማኔው የክር መግዣ ሲያጣ ከነጋዴው በዱቤ ይወስዳል፣ ሸማውንም ሰርቶ መልሶ ለዛው ነጋዴ ነጋዴው በቆረጠው ዋጋ ይሰጣል፣ ከዛ እንደገና ክር ያጣል። ግማሹ ቀድሞ ከተከፈለው ክሩን ራሱ ይገዛል፣ በዋጋ ሲከራከርም አፉን ሞልቶ ነው።

አሁን ምልክቶቹ። ሶስት ዓይነት ታያላችሁ፣ እና ሶስቱ የሚሉት ነገር ለየቅል ነው። የዳብልዩ ኤፍ ቲ ኦ ምልክት ያለበት ዕቃ የሰሪው ድርጅት በሙሉ በአስር መርሆዎች ተፈትሿል ማለት ነው። የፌር ትሬድ ፌዴሬሽን አባልነት ደሞ የሰሜን አሜሪካ ነጋዴዎች ማህበር ነው፣ ኩባንያውን ወይ ሱቁን ነው የሚያየው እንጂ አንዱን ቀሚስ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ስቲከሩ በሩ መስታወት ላይ ወይ ካሸሩ ጋ ይለጠፋል። ሶስተኛው ፌር ትሬድ ሰርቲፋይድ የሚለው ነው፣ የፌር ትሬድ ዩኤስኤ፣ እነዚህ ከዓለም አቀፉ ፌር ትሬድ ጋ በ2011 መጨረሻ የተለያዩ ናቸው፣ ምልክታቸውን ፓታጎኒያን በመሳሰሉ ትልልቅ ብራንዶች ልብስ ላይ ታዩታላችሁ። እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ ሰርቲፋይድ የተባለው የተሰፋበት ፋብሪካ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ጥጡ ላይሆን። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ከእያንዳንዱ ልብስ ሽያጭ ላይ ተጨማሪ ብር ለሰራተኞቹ ፈንድ ይገባል፣ ምን ላይ እንደሚውልም ሰራተኞቹ ራሳቸው ይወስናሉ፣ ግን በእጅ የተሰራ ማለት አይደለም።

ከነዚህ ውጪ "ኢቲካል"፣ "አርቲዛን ሜድ"፣ "ኮንሸስ"፣ "ኢኮ" የሚሉትን ቃላት ማንም ያትማቸዋል፣ ጠያቂ የላቸውም። የሴትየዋ ፎቶ ያለበት ቆንጆ ካርድም ቢሆን ካርድ ነው፣ አንድ ሺህ ቦርሳ ላይ አንድ ፎቶ ይንጠለጠላል። ካርዱ ላይ የማህበሩ ስም፣ ከተማው፣ ምን ያህል ሰው እንደሚሰራ ከተጻፈ ደህና ምልክት ነው። "የተሰራው በፍቅር ነው" ብቻ ከሆነ እሱን ተዉት።

ሻጯን መጠየቅ ነውር አይደለም፣ እንደውም እኛ ስንጠየቅ ደስ ይለን ነበር፣ ሰው ዝም ብሎ ነካክቶ ከሚወጣ። "ይሄን ከማን ነው የምታመጡት? በቀጥታ ነው ወይስ በአስመጪ? ከነሱ ጋ ስንት ዓመት ሰራችሁ?" በሉ። ጥሩ ሱቅ ከሆነ ቢያንስ ያገሩንና የማህበሩን ስም ትነግራችኋለች፣ ካላወቀች አስተዳዳሪዋን ትጠራለች። "እ... ከህንድ መሰለኝ" ካለች መልሱን አገኛችሁ። ሌላም ዘዴ አለ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ልብስና ስካርፍ ሌብሉ ላይ ጨርቁ ከምን እንደተሰራ በፐርሰንት፣ የተሰራበትን ሀገር፣ እና የኩባንያውን ስም ወይ አር ኤን የሚል ቁጥር መያዝ አለበት፣ ህግ ነው። ቁጥሩን በስልካችሁ የፌደራል ንግድ ኮሚሽኑ ሳይት ላይ ብታስገቡት ባለቤቱ ይወጣል። አንዳንዴ "ትንሽዬ የሴቶች ማህበር" የተባለው ዕቃ ኒው ዮርክ ያለ ትልቅ አስመጪ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይሄ ሌብል ጭራሽ የሌለው ልብስ ከሆነ ደሞ እኔ አልገዛም።

ዋጋ ላይ እንምጣ። እባካችሁ እዚህ ሱቅ ውስጥ አትከራከሩ፣ "ላስት ፕራይስ ስንት ነው" የሚባልበት ቦታ አይደለም፣ ልጅቷም መቀነስ አትችልም፣ ሲስተሙ ውስጥ ነው ያለው። ግን መጠየቅ የሚቻሉ ነገሮች አሉ። ቁልፍ የጎደለው፣ ትንሽ ነጠብጣብ ያለበት፣ ማሳያ ላይ የቆየ ዕቃ ካገኛችሁ "ለዚህ ዲስካውንት አለ ወይ" ብትሉ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ይቀነስላችኋል። የበጋ ቀሚስ ነሐሴ መጨረሻ፣ የሱፍ ነገር ከፈረንጅ ገና በኋላ ጥር ላይ ይረክሳል። የሜይ ሁለተኛው ቅዳሜ የዓለም ፌር ትሬድ ቀን ነው፣ ብዙ ሱቅ ያን ቀን አንድ ነገር ያደርጋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ማግስቱ ማዘርስ ዴይ ስለሚሆንም ስጦታ ለሚፈልግ ሰው አሪፍ ነው።

"ግን ይሄው ቀሚስ ኦንላይን በ20 ዶላር አለ እኮ" የሚል ሁሌ አለ። አለ። ሚያዝያ 2013 ባንግላዴሽ ውስጥ ዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የሚባለው ህንጻ ሲደረመስ ከ1100 ሰው በላይ ሞቷል፣ ውስጡ የነበሩት የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ነበሩ፣ ህንጻው ተሰንጥቆ እየታየ በማግስቱ ግቡ ተብለው ነው የገቡት። ርካሹ ቀሚስ ሁሉ እንደዛ ነው አልልም፣ ውዱ ቀሚስም ሁሉ ንጹህ ነው አልልም። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ ስለሌብል የማወራው።

እሺ፣ አሁን ልብሱን ገልብጡት። የእጅ ህትመት ጨርቅ፣ ማለትም ብሎክ ፕሪንት፣ እዚህ ሱቅ ውስጥ በብዛት ያለ ነው፣ በተለይ ራጃስታን ውስጥ ጃይፑር አጠገብ ካሉት ሳንጋኔርና ባግሩ የሚመጣው። የሚሰራው የተቀረጸ እንጨት ቀለም ውስጥ እየነከሩ ጨርቁ ላይ እየመቱ ነው፣ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ እንጨት አለው። ስለዚህ ጨርቁን ዘርግታችሁ ቀስ ብላችሁ ስታዩት አንዱ ምት ካንዱ የሚገጥምበት ቦታ ላይ ቀጭን መደራረብ ወይ ክፍተት ይኖራል፣ አበባው ውስጥ ያለው ቀይ ከመስመሩ ትንሽ ወጣ ይላል፣ አንድ ቅጠል ጠቆር ሌላው ፈዘዝ ይላል። ይሄ ጉድለት አይደለም፣ የሰው እጅ ነው። ሁሉም አበባ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁርጥ አንድ ዓይነት ከሆነ በማሽን ነው የታተመው፣ እሱም ይለበሳል፣ ግን የእጅ ዋጋ አትክፈሉበት። ባቲክም እንደዛው ነው፣ እውነተኛው በሰም ተሸፍኖ የተነከረ ስለሆነ ፊቱም ጀርባውም ያው ቀለም ነው፣ ጀርባው ነጣ ካለ የታተመ ነው።

ሬዮን ላይ ተጠንቀቁ። ሪተርን ከመጣው ልብስ ውስጥ እጅግ ብዙው እሱ ነበር። ቪስኮስም ይሉታል፣ ከእንጨት የሚሰራ ጨርቅ ነው፣ ሲነኩት ልስልስና ቀዝቀዝ ያለ፣ ሲሰቀል ውሃ ይመስል የሚወርድ፣ ሰው በዛ ይወደዋል። ችግሩ ውሃ ሲነካው ይደክማል፣ ሙቅ ውሃና ድራየር ካገኘው ደሞ ይሰበሰባል፣ ቁርጭምጭሚት የደረሰው ቀሚስ ጉልበት ላይ ይቀራል። ከወደዳችሁት ግዙት፣ ግን ትንሽ ረዘም ሰፋ ያለውን ምረጡና በቀዝቃዛ ውሃ አጥባችሁ አንጠልጥሉት። ሌብሉ ላይ "ድራይ ክሊን ኦንሊ" ካለ ደሞ ከነላውንደሪው ወጪ አስቡት።

ከአሮጌ ሳሪ፣ የህንድ ሴቶች ከሚጠመጥሙት ረጅም ጨርቅ፣ የሚሰራው ጥቅል ቀሚስ ሌላው የታወቀ ነው፣ ሁለት ድርብ፣ ገልብጠው የሚለብሱት። "ሐር ነው" ይላችኋል። ሌብሉን እዩት፣ ብዙው ፖሊስተር ነው፣ "አርት ሲልክ" ካለ ደሞ አርቱ አርቴፊሻል ማለት ነው እንጂ የጥበብ ስራ ማለት አይደለም። ሳሪው ተለብሶ ያለቀ ጨርቅ ስለሆነ መስኮት ጋ ወስዳችሁ በብርሃን እዩት፣ የሳሳ ቦታ ቶሎ ይታያል፣ በተለይ ወገቡ ጋ። ካንታ የሚሉት የቤንጋል ስራም ከአሮጌ ሳሪ ነው፣ ጨርቁ ተደራርቦ በእጅ ረድፍ ረድፍ ተሰፍቶ፣ እሱ ግን ስፌቱ ራሱ ስለሚይዘው ይበረታል፣ ብርድ ልብስ ወይ ጃኬት ከሆነ ገንዘቡ አይቆጫችሁም። የእጅ መሆኑን ለማወቅ ስፌቱን በጣታችሁ ተከተሉት፣ ርቀቱ እኩል አይደለም፣ መስመሩም ትንሽ ትንሽ ይዞራል።

ቀለም ይለቅ እንደሆነ እዛው ሱቅ ውስጥ ማየት ይቻላል። ሻጯን አስፈቅዳችሁ ነጭ ሶፍት ትንሽ አርጥባችሁ ቅምቅማቱን ከውስጥ በኩል ሸት ሸት አድርጉት። ሶፍቱ ትንሽ ከነካው ለብቻው ይታጠባል፣ ጠቆር ካለ ግን በተለይ ኢንዲጎ የሚባለው ጥቁር ሰማያዊ ማቅለሚያ ከሆነ ነጭ ሶፋ ላይ አትቀመጡበት፣ በላዩ ላይ ነጭ ነጠላ አጣፍታችሁ ቤተ ክርስቲያን መሄድማ አይታሰብም።

የውስጥ ስፌቱን ስታዩ ክር የተንጠለጠለበትና ጠርዙ ያልተያዘ ከሆነ ለሁለት እጥበት ነው። ብብቱ ጋ፣ ኪሱ አፍ ላይ፣ ላስቲኩ የተያያዘበት ቦታ ላይ ጎተት አድርጉት፣ ክፍተት ከታየ ይተርተራል። ሳይዝ ላይ "ዋን ሳይዝ" የሚባለውን አትመኑ፣ ልበሱት። ፊቲንግ ሩም ውስጥ ደሞ ዝም ብላችሁ መስታወት አትዩ፣ እጃችሁን ወደ ላይ አንሱ፣ ተቀመጡ፣ ጎንበስ በሉ። የህንድና የኔፓል ስፌት ደረት ላይ ሰፍቶ ትከሻና ክንድ ላይ ብዙ ጊዜ ይጠባል፣ ትከሻ ላይ ከጠበበ አንድ ቁጥር ጨምሩ።

ሹራብና ፖንቾ ላይ "አልፓካ" የሚለው፣ የደቡብ አሜሪካ እንስሳ ጸጉር ማለት ነው፣ በጣም ይጋነናል። ታጉ አልፓካ ይላል፣ ውስጥ ያለው ትንሹ ሌብል አክሪሊክ፣ ማለትም ሰው ሰራሽ ክር፣ 70 ፐርሰንት ይላል፣ እንደዛ ዓይነት በእጄ አልፏል። ሁሌም ትንሹን ሌብል እመኑ። "ፓሽሚና"ም እንደዛው ነው፣ እውነተኛው የፍየል ጸጉር ነው፣ በ15 ዶላር የሚሸጠው ቪስኮስ ወይ አክሪሊክ ነው። ለአንገት ያምራል፣ ለአክስታችሁ ግን "ካሽሜር ነው" ብላችሁ አትስጡ።

ጌጣጌጥ ላይ 925 የሚል ማህተም ካለበት ስተርሊንግ ብር ነው። "አልፓካ ሲልቨር" ወይ "ጀርመን ሲልቨር" የሚባለው ግን ብር የለበትም፣ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው፣ ጆሮው የሚያሳክከው ሰው ካለ አትግዙለት። ነሐስ አንገትና ጣት ላይ አረንጓዴ ሊያሳርፍ ይችላል፣ ታጥቦ ይሄዳል፣ አያስደንግጣችሁ። ከጥይት ቀለህ ቀልጦ የሚሰራው የኛ አገር ዶቃ እዚህ ሱቅ ውስጥ አንዳንዴ ይገኛል፣ እሱን ሳይ ሁሌ ቆም እላለሁ፣ ፈረንጆቹም በጣም ይወዱታል፣ ክሩን ግን ፈትሹ፣ ዶቃው ከባድ ስለሆነ ቀጭን ክር ይበጥሳል።

ስለኛው ዕቃ ካነሳን። እዚህ ሱቅ ውስጥ የኢትዮጵያ ስካርፍ ስታገኙ መጀመሪያ የሚመጣው ስሜት "ይሄን እኮ ሽሮ ሜዳ በስንት" ነው። የሱቅ ኪራይ፣ ካርጎ፣ የአስመጪው፣ የሻጯ ደሞዝ ሁሉ እዛ ውስጥ አለ፣ ስለዚህ ከሀገር ቤት ዋጋ ጋ አታወዳድሩት፣ ሀገር ቤት ትገቡ ይሆናል ብላችሁ ካሰባችሁ እዛው ግዙ። ካልሆነ ግን ጥራቱን ከማንም በላይ ማወቅ የምትችሉት እናንተ ናችሁ። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ የእጅ ፈትል ከሆነ ወፈር ቀጠን እያለ በጣት ይታወቃል። ጥለቱን ገልብጡት፣ ከጀርባ የተሸመነ ክር ይታያል፣ የታተመ ከሆነ ባዶ ነው፣ ታትሞ የሚመጣ ጥበብ አሁን ሀገር ቤትም በሽ ነው። አዲስ አበባ ያለው ሳባሃር የሚሰራው የኤሪ ሐር ካጋጠማችሁ ደሞ እንደ ህንዱ ሐር አያብለጨልጭም፣ ትሉ የጉሎ ቅጠል የሚበላው ነው፣ ክሩ እንደ ጥጥ ስለሚፈተል ደብዘዝና ሞቅ ያለ ነው፣ "ይሄማ ሐር አይደለም" ብላችሁ እንዳታልፉት። ቤተልሔም ጥላሁን ዘነበወርቅ ሰፈር የጀመረችው የሶልሬብልስ ጫማም ሶሉ ከአሮጌ ጎማ ነው፣ የበረባሶን ልጅ ልጅ በሉት።

ስጦታ ላይ ሰውየውን አስቀድሙ። ለፈረንጅ አለቃ ወይ ለልጃችሁ አስተማሪ የኢትዮጵያ ቡና አሪፍ ነው፣ እነዚህ ሱቆች ከኦሮሚያ፣ ከሲዳማ፣ ከይርጋጨፌ የገበሬ ዩኒየኖች የመጣ ቡና አንዳንዴ ይይዛሉ፣ የተቆላበት ቀን ከሌለው ግን ተዉት፣ መደርደሪያ ላይ ዓመት የከረመ ቡና ሰጥታችሁ የሀገር ስም አታበላሹ። ጾም ላይ ላለ ሰው ቸኮሌት ስትገዙ ዳርኩንም ቢሆን ጀርባውን አንብቡ፣ ወተት የገባበት ዳርክ አለ። ከጋና ቦልጋታንጋ የሚመጣው የሳር ቅርጫት ለሙሽራ ቤት፣ ለቤቢ ሻወር፣ ለምኑም ይሆናል፣ በካርቶን ተጨፍልቆ ስለሚመጣ ጠማማ ነው ብላችሁ አትተዉት፣ ውሃ ነክራችሁ በእጅ ስታስተካክሉት ቅርጹን ይይዛል፣ እኛም ሱቅ ውስጥ የምናደርገው ያንኑ ነበር። የሄይቲ የብረት ስራ፣ ከአሮጌ የዘይት በርሜል ተቆርጦ ክሯ ዴ ቡኬ የሚሰራው፣ አዲስ ቤት ለገባ ሰው ግድግዳ ይሞላል፣ ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ በጣት ዳሰስ አድርጉት።

ለናት፣ ለክርስትና እናት፣ ለቄስ ቤት ስትገዙ የቡድሃ ራስ፣ ጋኔሽ የሚባለው የህንድ አምላክ ምስል፣ ባለ ዓይኑን ዶቃ ተዉት፣ እናንተ ጌጥ ነው ትላላችሁ፣ እማማ ግን ማታ ጸበል ይረጩበታል። የህንዱን ባለ እንጨት ዕጣንም እውነተኛ ዕጣን ለሚያጨስ ሰው አትስጡ፣ ራስ ያማል ይሏችኋል። ይልቅ ለናት የሚሆን ስካርፍ ከሆነ ቀለል ያለ ጥጥ፣ ጭንቅላት ላይ የማይንሸራተት፣ ሻንጣም ውስጥ ኪሎ የማይበላ። ሀገር ቤት የምትወስዱት ከሆነ 23 ኪሎው ላይ የሴራሚክ ነገር አትጨምሩ፣ ደርሶም አይደርስም። ሴራሚክ ካልኩ አይቀር፣ ሳህኑ ወይ ኩባያው ታች "ለምግብ አይሆንም" የሚል ጽሁፍ ወይ ስቲከር ካለበት ጌጥ ብቻ ነው፣ አንዳንድ ባህላዊ የሸክላ ግሌዝ፣ የሚያብለጨልጨው ሽፋን፣ ውስጥ ሌድ የሚባል መርዛማ ብረት አለ፣ ሎሚና ቲማቲም ሲነካው ወደ ምግቡ ይወጣል።

ከመክፈላችሁ በፊት የሪተርኑን ነገር ጠይቁ፣ ሪሲቱ ጀርባ ላይ ነው ያለው፣ ማንም አያነበውም። ትንንሽ ሱቅ ብዙ ጊዜ ብር አይመልስም፣ ስቶር ክሬዲት ነው የሚሰጠው፣ ጉትቻ ደሞ አንዴ ከወጣ አይመለስም፣ ሴል ላይ የተገዛም እንደዛው። ለስጦታ ከሆነ ዋጋው የማይታይበት ጊፍት ሪሲት በሉ፣ ታጉን ስትቆርጡም የዋጋውን ብቻ ቆርጣችሁ የሰሪዎቹን ካርድ ተዉት፣ ተቀባዩ ሊያነበው ይወዳል። ቤት ስትገቡ ባለቀለሙን ልብስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው፣ ገልብጣችሁ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ ሳሙና እጠቡት፣ ሳትዘፈዝፉት፣ ጥላ ቦታ ላይ አንጠልጥሉት፣ ውሃው እየጠራ እስኪመጣ ድረስ ከሌላ ልብስ ጋ አታገናኙት።